ሻሼ እዚያ ካለ፣ እጄ እዚህ አለ

እትዬ ታደለች አልሞተችም። ይህን ከሁሉም አስቀድሜ የምናገረው ራሷ ስላዘዘችኝ ነው። «ስለ እኔ የምትጽፊ ከሆነ ‘ነበረች፣ ነበረች’ እያልሽ ሰው እንዳታስለቅሺብኝ። ያለሁት ወላይታ ሶዶ ነው፤ ሰማይ ቤት አይደለም» ብላኛለች በስልክ። የሄደችው ልጇን ልታርስ ብላ ነው። አራሷ ስትነሳ ትመለሳለች ስንል የልጅ ልጇን አቅፋ እዚያው ቀረች። እንደማትመለስ ቁርጡን የነገረችን ቀን እናቴ የያዘችውን ማበጠሪያ አስቀመጠችና «ከእንግዲህ ማን ሊቆጣኝ ነው?» አለች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ዓይኗን ጠረገች።

እትዬ ታደለች ኤሌክትሪሺያን ናት። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን በተበላሸ ቁጥር የምትጠራው እሷ ነበረች (እዚህ ጋ «ነበረች» ማለት የግድ ነው፤ ይቅርታ እትዬ)። ከፋብሪካው ከወጣች በኋላ ደግሞ የእኛ የሀና ማርያም ሰፈር መብራት በሙሉ በእሷ እጅ ገባ። ረጅም ናት፣ ወፈር ያለች ናት፣ ድምፅዋ ከበር ቀድሞ ይገባል። ቦርሳዋ ውስጥ ሊፒስቲክ፣ መጽሐፍ ቅዱስና ካቻቪቴ ተስማምተው ይኖራሉ። አንድ ቀን ሰው ፊት ሊፒስቲኳን አወጣሁ ብላ ቴስተሯን ወደ ከንፈሯ ስትወስድ አይቻታለሁ። ሁላችንም አየናት። ምንም አላፈረችም። «ከንፈሬ ላይ መብራት መኖሩን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለችና ቴስተሩን መልሳ ከተተችው።

ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙ ይበልጣል። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» እላት ነበር። «ሜላት፣ አንቱ ስትዪኝ ወገቤን ያመኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ እትዬ፣ እኔ ደግሞ «አንቺ» ባይ ሆንኩ።

እናቴ ፀጉር ቤት አላት። ቤታችን ውስጥ ለመንገዱ የቀረበው ክፍል ነው ፀጉር ቤቱ፤ እኛ ከኋላ ነን። እትዬ ታደለች በየቅዳሜው ትመጣ ነበር፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ፀጉሯ እንዲታይ ትፈልጋለች። «ድምፄን ጌታ ይሰማዋል፤ ፀጉሬን ግን ሰው ነው የሚያየው» ትላለች። ያኔ መብራት ሠሪ መሆኗን ብናውቅም እኛ ቤት የሚሠራ ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። መብራታችን ይሠራል። ትንሽ ይነዝራል እንጂ።

ይቺን «ትንሽ ይነዝራል» የምትባል ነገር የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ከፀጉር ማጠቢያው ሳህን በላይ የተሰቀለች የውሃ ማሞቂያ ነበረችን፤ እሷ ስትበራ ቧንቧው ይነዝራል። እናቴ ለዚህ የራሷ ዘዴ ነበራት። ላስቲክ ነጠላ ጫማ ታደርጋለች፣ እግሯ ሥር ጣውላ ታነጥፋለች፣ ቧንቧውን በፎጣ ጠቅልላ ትከፍታለች። ለደንበኞቿም ልክ «ደረጃዋን ጠንቀቅ በይ» እንደማለት አድርጋ ትነግራቸዋለች፤ «እህቴ፣ ቧንቧውን ብቻ እንዳትነኪ፤ ትንሽ ትነዝራለች።»

አንድ ቅዳሜ እትዬ ታደለች ጭንቅላቷ ላይ አረፋ እንደሞላ ዓይኗን ጨፍና ፎጣ ስትፈልግ ቧንቧውን ነካችው። እንዲህ ያለ አነሳስ አይቼ አላውቅም። ወንበሩ ወደ ኋላ፣ እሷ ወደ ፊት፣ አረፋው ወደ መስታወቱ።

«ውቢት! ምንድን ነው ይሄ?»

«ውይ፣ ታዱዬ! ሳልነግርሽ ቀረሁ? ትንሽ ይነዝራል እኮ። ጫማሽን ባታወልቂ ኖሮ አይነካሽም ነበር» አለች እናቴ።

«ትንሽ ይነዝራል? ውሻ ነው እንዴ፣ ‘አይዞሽ ትንሽ ነው የሚነክሰው’ የምትዪኝ? ሰው ራሱን በውሃ ዘፍዝፎ ሰጥቶሽ በመብራት ትቀበዪዋለሽ?»

ፀጉሯን በቀዝቃዛ ውሃ አስለቀለቀች፣ ማሞቂያዋን በዚያው ሰዓት ነቅላ ከግድግዳው አወረደቻት። ሰኞ ጠዋት መሣሪያዋን ይዛ መጣች። ማንም አልጠራትም።

ያመጣችው ከተለመደው ሶኬት ወፈር ያለ፣ ፊቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ያሉት ነጭ ሶኬት ነበር። አንዱ ቁልፍ መሞከሪያ፣ ሌላው መመለሻ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር አጠገቧ ቆምኩ። ሥራ ስትጀምር የምታደርገውን ነገር ያየሁት ያን ቀን ነው። የብሬከሩን ሳጥን ከፈተች፣ የፀጉር ቤቱን ብሬከር አወረደች፣ ከዚያ ከራሷ ላይ ቀዩን ሻሿን ፈትታ በሳጥኑ በር ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ከዚያ ቤት ውስጥ ላለነው ሁሉ ጮኻ አወጀች፤

«ሻሼ እዚያ ካለ እጄ እዚህ አለ! ሻሼን የፈታ እጄን ቆረጠ!»

ፋብሪካ እያለች የተማረችው ነው። አንድ ጊዜ እጇን ማሽን ውስጥ ከታ ሳለች አንዱ «ማነው ያጠፋው?» ብሎ አበራው። እጇ ተርፏል፤ ጠባሳው ግን አለ። ከዚያ ወዲህ በሰው ማስታወስ አታምንም፤ በሻሽ ነው የምታምነው። ብሬከሩን ካወረደች በኋላ እንኳ ሽቦውን ሳትሞክር አትነካም። ቴስተሩን ራሱን ደግሞ መጀመሪያ መብራት ባለበት በጓዳችን ሶኬት ትሞክረዋለች። «ቴስተር ሰነፍ ሊሆን ይችላል። ሥራ ላይ መሆኑን ሳላይ አላምነውም» አለችኝ።

«ምንድን ነው ግን ይሄ ሶኬት ከሌላው የሚለየው?» አልኳት።

«ሜላት፣ ሁለት ልጆች ሱቅ ብልክ፣ አንዱ ብቻ ቢመለስ፣ ቁጭ ብዬ ፀጉሬን እሠራለሁ?»

«አትሠሪም።»

«ምን አደርጋለሁ?»

«አገር ይያዝ ትያለሽ።»

«እሱም እንደዚያ ነው። መብራት በአንዱ ሽቦ ይሄዳል፣ በአንዱ ይመለሳል። ይሄ የሄደውንና የተመለሰውን ሲያስተያይ ነው የሚውለው። ትንሽ እንኳ ከጎደለ የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው፤ በቧንቧው ይሁን፣ በእናትሽ እጅ ይሁን፣ በእኔ በምስኪኗ። አይጠይቅም፣ አይለምንም። ቀጭ! አገር ይያዝ ይላል።»

ከሳጥኑ የሚመጣውን ሽቦ በአንድ በኩል፣ ወደ ሌሎቹ ሶኬቶች የሚሄደውን በሌላ በኩል አሠረች፤ በዚህም የፀጉር ቤቱ ሶኬቶች ሁሉ በነጩ ሶኬት ጥበቃ ሥር ገቡ። «እነዚህ ሁለቱ ከተቀያየሩ ዘበኛው ጌጥ ይሆናል» አለችኝ፤ እስካሁን አልረሳሁትም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የመዳብ ዘንግ በመዶሻ መሬት ውስጥ ትመታ ጀመር፤ ለመሬት ሽቦው ነው። የጎረቤታችን የእማማ ዘውዴ ጭንቅላት ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«ታደለች፣ ምን ልታወጪ ነው የምትቆፍሪው?»

«አይ እማማ፣ ላስገባ ነው። የውቢትን መብራት እየቀበርኩላት ነው!»

«ነፍሱን ይማር» አሉና ገቡ እማማ ዘውዴ። እትዬ ታደለች ሳቋ እስኪያልቅ መዶሻውን ማንሳት አልቻለችም።

አዲስ ማሞቂያ ተሰቀለ። ቧንቧው መንዘር አቆመ። እናቴ ግን ጣውላዋን ለብዙ ሳምንት አላነሳችም፤ እግሯ ለምዶት ነው መሰለኝ። ለእኔ ደግሞ ሥራ ተሰጠኝ፤ በየቅዳሜው መሞከሪያዋን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ሶኬቱ ቀጭ ብሎ ያጠፋል፣ መመለሻውን እጫናለሁ፣ ይመለሳል። «ቀጭ ያላለ ቀን ምንም ነገር ሳትሰኩ ትጠሩኛላችሁ» ተብለናል።

አሁን ደግሞ ስለ አንዲት ሙሽራ ላውራ።

እናቴ ፀጉር ቤት ከከፈተች ጀምሮ ሙሽራ ሠርታ አታውቅም ነበር። የሙሽራ እናት ሠርታለች፣ የሙሽራ አክስት ሠርታለች፤ ሙሽሮቹ ራሳቸው ግን ጎፋ ወይም ሌላ ቦታ ወዳሉ ትልልቅ ፀጉር ቤቶች ነው የሚሄዱት። በሰፈራችን አነጋገር ሙሽራ ያልሠራች ፀጉር ሠሪ ገና ተማሪ ናት። እናቴም ይህን ታውቃለች፤ አፍ አውጥታ ግን አታወራውም። ስለዚህ ሩት የምትባል ልጅ መጥታ «በሠርጌ ቀን አንቺ ነሽ የምትሠሪኝ» ስትላት እናቴ እሺ ብላ ሸኘቻትና ጓዳ ገብታ ብቻዋን እስክስታ መታች። አይቻታለሁ።

የሠርጉ ቀን ቅዳሜ ነበር። እትዬ ታደለች እንደ ልማዷ ማልዳ መጥታ ወንበር ላይ ነበረች፤ ግማሽ ጭንቅላቷ በፒያስትራ ተተኩሶ ተኝቷል፣ ግማሹ ገና እንደቆመ ነው። ሩት ከአንድ ሚዜዋ ጋር ገባች። እትዬ ታደለች «እኔ እጠብቃለሁ፤ ሙሽራ ትቀድማለች» አለች። ሩት ታጠበች፣ ቢጎዲን ተጠቀለለላት፣ ከዚያ እናቴ በጨርቅ ተሸፍና ጥግ የምትቆመውን ካስክ፣ ራስ ላይ የሚደፋውን የፀጉር ማድረቂያ፣ ገልጣ አመጣቻት።

ስለ ካስኳ አንድ ነገር ልበል። እናቴን ሙያውን ያስተማረቻት ሴትዮ ስትለያት መርቃ የሰጠቻት ናት። እናቴ «እቴጌ» ነው የምትላት። ለማንም አትወጣም፤ ለበዓልና ለክብር ሰው ብቻ። ነጩ ሶኬት ከገባ ወዲህም ተሰክታ አታውቅም።

ሩት እቴጌ ሥር ተቀመጠች። ካስኳ ማጉረምረም ጀመረች። ትንሽ ቆየች። ሞቅ ስትል ቀጭ! ሁሉም ነገር ጠፋ።

እናቴ መመለሻውን ተጫነች። ተመለሰ። ትንሽ ቆየ። ቀጭ!

«ምነው?» አለች ሩት ከካስኳ ሥር።

«ምንም አይደል የኔ ቆንጆ» አለች እናቴና ወደ እትዬ ታደለች ዞራ በሹክሹክታ ጀመረች፤ ሹክሹክታዋ ግን ጎፋ ድረስ ይሰማል። «ታዱ፣ ሶኬትሽ ጉድ ሊሠራኝ ነው። በቃ ቀጥታ አድርጊልኝ።»

ቀጥታ ማለት፣ ለማያውቅ፣ መብራቱን የሚጥለውን፣ ማለትም የሚያጠፋውን ነገር ዘልሎ ሽቦውን ከሽቦ ጋር ማገናኘት ነው። ሰፈራችን ውስጥ መብራት ሲጥል ማንም «ለምን ጣለ?» አይልም፤ «ቀጥታ አድርጉልኝ» ነው የሚለው።

«አላደርግም» አለች እትዬ ታደለች።

«ለዛሬ ብቻ!»

«ሰውም እኮ የሚሞተው አንድ ቀን ብቻ ነው ውቢት።»

«ታደለች!» ታዱ ቀርታ ታደለች ስትባል ነገሩ ከርሯል ማለት ነው። «ስንት ዓመት ነው የጠበቅኳት? ይቺ ልጅ ከእነ ቢጎዲኗ ተነስታ ሌላ ቤት ብትሄድ፣ ነገ ሰፈሩ ምን ይለኛል? ሙሽራ አበላሸች ነው የሚለኝ! ሁለተኛ ማን ይመጣልኛል?» እናቴ ድምፅዋ ተሰበረ። በደንበኛ ፊት እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።  እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ እኔም «አድርጊላት» ብዬ እየለመንኩ ነበር፤ በልቤ።

እትዬ ታደለች ተነሳች። ግማሹ ፀጉሯ እንደ ሐር፣ ግማሹ እንደ ጫካ። በሩ ላይ ሄዳ ቆመችና እጇን ዘረጋች።

«ማንም ንቅንቅ እንዳይል! ጥፋተኛው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው።»

ሚዜዋ ሳቋ አመለጣት። ሩትም ተከተለቻት።

«ሜላት፣ ሁሉንም ንቀይ። አንድ በአንድ እንጠይቃቸዋለን። ሲሞቁም እንጠብቃቸዋለን፤ አንዳንዱ ውሸታም ሲሞቀው ነው የሚያወጣው።»

ሁሉንም ነቀልኩ። መመለሻውን ተጫንኩና አንዱን የእጅ ማድረቂያ፣ ፎኑን፣ ብቻ ሰካሁ፤ ሞቀ፣ ምንም የለም። ሁለተኛውን ፎን፤ ምንም። ፒያስትራውን፤ ምንም። ማሞቂያዋን፤ ምንም። የቀረችው አንድ ናት። ሩት ከሥሯ ተነሳችና ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁላችንም እናቴን አየናት።

«እቴጌ?» አለች እናቴ። «አይሆንም። እቴጌ አታደርገውም።»

ባዶዋን ካስክ ሰካኋት። አጉረመረመች። ትንሽ ቆየች። ቀጭ!

 እትዬ ታደለች ካስኳን ነቅላ ካቻቪቴዋን ከሊፒስቲኩ ሥር አወጣችና ክዳኗን ፈታች። እኛ ሁላችን አንገታችንን አስግገን አየን። ውስጥ አንዱ ሽቦ ልብሱ ተቃጥሎ ራቁቱን ቀርቷል፤ ራቁቱን ደግሞ የካስኳን ብረት ተደግፏል። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ... እዚህ ሥር ነበርኩ?» አለች ሩት። «በእርጥብ ፀጉሬ?»

«ነበርሽ። ግን ሶኬቱ አገር ይያዝ አለልሽ» አለች እትዬ ታደለች። ከዚያ ወዲያው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አጨበጨበች። «በሉ! ለቅሶ የለም፣ ዛሬ ሠርግ ነው! ውቢት፣ አንዱን ፎን ያዢ። ሜላት፣ ሌላውን። ሚዜ፣ አንቺ ደግሞ ዘፈን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ!»

«እኔ መዝሙር ነው የማውቀው። ማን እንደሚጮህ እናያለን።»

እናቴ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ ሙሽራዋ መሐል። ሚዜዋ የሠርግ ዘፈን፣ እትዬ ታደለች መዝሙር፣ ሁለቱ ፎኖች ደግሞ የራሳቸውን። እጄ ዛለ፤ አልተውኩም። ውጭ መኪኖች ጥሩምባ መንፋት ሲጀምሩ እናቴ የመጨረሻውን ቢጎዲን ፈታች፤ የሩት ፀጉር ትከሻዋ ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰ።   ሩት ስትወጣ እናቴን ሳመቻት፣ እኔን ሳመችኝ፣ እትዬ ታደለችን ሦስቴ ሳመቻትና ጉንጯን በሊፒስቲክ አበላሸችው። ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ቆሞ ሙሽራዋ ከእናቴ ቤት ስትወጣ አየ። እማማ ዘውዴ ከአጥሩ በላይ ሆነው እልል አሉ።

ጸጥ ሲል እናቴ ከእትዬ ታደለች አጠገብ ተቀመጠች።

«እምቢ ባትዪኝ ኖሮ...» ብላ ጀመረች።

«እምቢ ብያለሁ። እዚህ ቤት ሻይ የለም እንዴ?»

ሻይ ስትጠጣ ሰዓቱ ሄደባት፤ የመዘምራን ልምምድ ነበራት። ግማሽ ፀጉሯ እንደተተኮሰ፣ ግማሹ እንደቆመ፣ ቀዩን ሻሽ በላዩ አሰረችና እየሮጠች ወጣች። በማግስቱ እሑድ የዘመረችው እንደዚያው ሆና ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ብዙ ሙሽሮች ሠርታለች። እቴጌ ሽቦዋ ተቀይሮላት ተመልሳለች፤ አሁን ግን እንደማንኛውም ዕቃ በየሳምንቱ ትሰካለች።

እትዬ ታደለች ወደ ሶዶ የሄደች ዕለት ልትሰናበተን ገብታ ሻሿን ከራሷ ፈትታ ብሬከር ሳጥኑ ላይ አሰረችው። «ስመለስ እወስደዋለሁ» አለች። እስካሁን እዚያው ነው።

በዚህ ክረምት ነጩ ሶኬት እንደገና መጣል ጀመረ። ዝናቡ ከባድ ነበር፣ ደንበኞች ተቀምጠዋል። እናቴ ከሀይሌ ጋርመንት አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን አስጠራች። ትሁት ልጅ ነው። ሶኬቱን አየ፣ ቁልፎቹን አየና «እናቴ፣ እነዚህ ሶኬቶች ክረምት ላይ ያስቸግራሉ። ብዙ ሰው ቀጥታ ነው የሚያስደርገው። ላድርግልዎ?» አላት።

እናቴ ማበጠሪያዋን እንደ ጦር ይዛ ሶኬቱ ፊት ቆመች።

«አትነካትም! ሜላት፣ ነይ ጠይቂያቸው!»

ሁሉንም ነቀልኩ። አንድ በአንድ ሰካሁ። ፎን፣ ፒያስትራ፣ እቴጌ፤ ሁሉም ንጹሕ። በመጨረሻ ወለል ላይ የተጋደመችውን የማከፋፈያ ገመድ ስሰካ ቀጭ አለ። ነቅዬ ሳነሳት ከላይዋ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ልጁ ሳቀና «ማነው ያስተማረሽ?» አለኝ። ብሬከር ሳጥኑ ላይ ያለውን ሻሽ አሳየሁት። ሻሽ እንዴት እንደሚያስተምር አልገባውም። ጣሪያውን ግን ወጥቶ ደፈነልን።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ለእትዬ ታደለች ደወልኩና ይህን ሁሉ ነገርኳት። እናቴ «አትነካትም» ያለችበትን ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ «ሶኬቱን ሞክረሻል ዛሬ?» አለች። አልሞከርኩም ነበር።

«ስሚ» አልኳትና ስልኩን ሶኬቱ አጠገብ አድርጌ መሞከሪያዋን ተጫንኩ።

ቀጭ!

 ከሶዶ የሕፃኗ ትንፋሽ ይሰማ ነበር። እዚህ ደግሞ የእናቴ ፎን ጸጥ አለ። እናቴ ከደንበኛዋ ጭንቅላት ቀና ብላ ጮኸች፤

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ!» አለች እትዬ ታደለች፤ ከስልኩ ውስጥ፣ ክፍሉ በሙሉ እስኪሰማት ድረስ።